የደም ዋጋና የእንግዶች ማደሪያ

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን አዳራሽ አንድ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ጉዳዩ ይህ ነው፤ በምንኖርበት ካውንቲ የሚገኙ ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው፣ በመድኃኒትና በመጠጥ ሱስ የተያዙ ሰዎች ለወራት ተቀምጠው የሚያገግሙበት ዐሥራ ስድስት አልጋ ያለው ቤት ለማቆም ተነሥተዋል። ለቤቱ ከሚያስፈልገው ገንዘብ የሚበዛው የሚመጣው፣ ሱስ አስያዥ የሆነውን የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የሠሩና ያከፋፈሉ ኩባንያዎች በፍርድ ቤት ተከሰው በስምምነት ለካውንቲው ከሚከፍሉት ካሣ ነው። የጎደለውን አብያተ ክርስቲያናቱ ከየምእመናኖቻቸው አሰባስበው እንዲሞሉ ታስቧል። ለእኛም ደብር የድጋፍ ደብዳቤና መዋጮ ተጠየቀ።

መጀመሪያ የተናገሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «ይህ ገንዘብ የደም ዋጋ ነው፤ የአይሁድ ካህናት እንኳ የተጸየፉትን እኛ በእጃችን አንነካም» አሉ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ሌላ ወንድም ነገሩ የፈረንጆች ችግር እንደ ሆነ፣ የእኛ ልጆች በጸሎትና በቤተሰብ ሥርዓት ያደጉ ስለ ሆኑ ደብሩ የራሱን ሕንፃ ዕዳ ቢከፍል እንደሚሻል አስረዱ። በሁለቱም ንግግር ራሱን የነቀነቀ ብዙ ነው። በመጨረሻ ከኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ አንዲት እናት ተነሡና «ልጄን ስትቀብሩልኝ ገንዘቡን በሁለት ቀን ነው የሰበሰባችሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ። ሌላ አልጨመሩም። ሰብሳቢውም ሰዓቱ መድረሱን አስታውቀው ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳደሩት።

እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ የሽማግሌው ቃልና የእናቲቱ ቃል በልባችን ሲሟገቱ ቆዩ። ሁለቱም እውነት ይመስላሉና። ከዚህ በታች የምንጽፈው ያን ሙግት ለአንባብያን ለማካፈል ነው።

ሽማግሌው የጠቀሱት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ነው። ይሁዳ ተጸጽቶ ሠላሳውን ብር በቤተ መቅደስ በጣለው ጊዜ፣ የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ስለ ሆነ ወደ መባ ሣጥን ይገባ ዘንድ አልተፈቀደም ብለው ተማከሩበት፤ የሸክላ ሠሪውንም መሬት ለእንግዶች መቃብር ገዙበት። ሕጉን ማወቃቸው ትክክል ነው፤ በኦሪት ዘዳግም 23 ርኩስ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት ለስእለት እንዳይገባ ተከልክሏልና። ነገር ግን ያን ብር ከራሳቸው እጅ አውጥተው የከፈሉት እነርሱው ናቸው። ሲከፍሉት ያልቆረቆራቸው ኅሊና ሲመለስ ቆረቆራቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ይህን ምዕራፍ ሲተረጉም በግፍ ገንዘብ ምጽዋት የሚሰጡትን አጥብቆ የሚወቅሰው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ላይ እኛን ስደተኞችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ስናነብበው ብዙ ጊዜ አልፈነዋል። የተገዛው መሬት ለእንግዶች ነበር። ሀገሩን ለቆ ኢየሩሳሌም ለመጣ፣ ዘመድ ለሌለው ሰው ከቤተ መቅደሱ ሹማምንት የተቆረጠለት ድርሻ መቃብር ሆነ። በሕይወት ሳለ የሚያድርበት ቤት ይሠራለት ያለ አልነበረም። እናቲቱ በአዳራሹ የተናገሩትም፣ ባያስቡትም፣ ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ አቀረበ። የኩባንያው ሰዎች መድኃኒቱ ሱስ የማስያዝ ኃይሉ አነስተኛ እንደ ሆነ ለሐኪሞች እየነገሩ ሸጡት። በ2007 ከኩባንያው ጋር የተያያዘ ድርጅትና ሦስት ኃላፊዎች በዚህ ማሳሳት ጥፋታቸውን አምነው ተቀጡ፤ ሽያጩ ግን ቀጠለ፤ በ2020 ኩባንያው ዳግመኛ በወንጀል ጥፋተኛነቱን አመነ። በዚህ መካከል በሐኪም ትእዛዝ የጀመረ ሰው ሐኪሙ ሲከለክለው ወደ ሄሮይን፣ ከዚያም ወደ ፈንታኒል ተሻገረ። በ2022 በአሜሪካ ከመጠን በላይ አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት ወስዶ የሞተው ሰው ከ107 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 80 ሺህ ገደማ ወርዷል። ይህ ወረደ የተባለው ቁጥር እንኳ በየቀኑ ከሁለት መቶ በላይ ቀብር ማለት ነው።

ካሣው የመጣው ከአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን የተባሉት ሦስት ታላላቅ የመድኃኒት አከፋፋዮች 21 ቢሊዮን ዶላር በ18 ዓመት፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ 5 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ የተስማሙት በ2021 ነው። በዚህ ስምምነት ከገንዘቡ ቢያንስ 85 ከመቶው በሱሱ የደረሰውን ጉዳት ለማከምና ለመከላከል እንዲውል ተጽፏል። ይህ ቃል የተጻፈው በከንቱ አይደለም። በ1998 የትምባሆ ኩባንያዎች ለ46 ስቴቶች ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲከፍሉ ሲስማሙ እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበረ፣ ብዙው ገንዘብ የበጀት ጉድለት መሙያና የመንገድ መሥሪያ ሆኖ አልቋል። ሳንባው የታመመው አጫሽ ግን ከዚያ ያገኘው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የእጁ ደም ያልጠራ ሰው የሚሰጠውን ገንዘብ ለተቀደሰ ሥራ መቀበል ይገባልን?

በልጅነታችን በጎጃም በአንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሳለን፣ እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ አኩፋዳችንን ይዘን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በየደጁ እንዞር ነበር። ቁራሹ ከማን ምጣድ እንደ ወጣ አንጠይቅም፤ የምንፈራው ውሻ ነው። አንድ ቤት ብቻ ነበረ፣ የኔታ እንዳንለምንበት የከለከሉን። ባለቤቱ የአንዲት መበለት እርሻ በሐሰት ምስክር ረትቶ የወሰደ ባለጸጋ ነው። ሰውየው ይህን ሰምቶ በአንድ በዓል ሙሉ መሶብ እንጀራ ከነወጡ አስይዞ ላከልን። የኔታም መሶቡን ሳይከፍቱ መለሱት። እኛ ረኀብተኞች ነበርንና በልባችን አማናቸው። በኋላ ግን መበለቲቱ በሽማግሌ ተከራክራ ሰውየው መሬቱንና የሦስት ዓመት እህል እንዲመልስ ተፈረደበት። እህሉ በተሰፈረ ዕለት፣ መበለቲቱ አቅመ ደካማ ነበረችና፣ የኔታ ራሳቸው እኛን አስከትለው ሄደው ስልቻውን ከዚያ ሰው ጎተራ እስከ እርሷ ጎጆ አሸከሙን። አንድ ደፋር ተማሪ «የኔታ፣ የዚያ ሰው እህል ርኩስ ነው ብለው አልነበረምን?» ብሎ ጠየቀ። «የእርሱ ሲሆን ርኩስ ነበር፤ ይህ ግን የእርሷ ነው» አሉት።

ከዚያ ወዲያ በዩኒቨርሲቲ ስለ ፍትሕ የተጻፈ ብዙ መጽሐፍ አንብበናል፤ ይህን ያህል አጭርና ግልጽ ፍርድ ያገኘነው ጥቂት ነው። የኔታ የለዩት ሁለት ነገር ነው፤ ምጽዋትና ካሣ። ምጽዋት ከሰጪው ፈቃድ ይወጣል፤ ሰጪውን ያስመሰግናል፤ ስለዚህ እጁ ንጹሕ ይሆን ዘንድ ይገባዋል። ካሣ ግን የተበዳዩ ገንዘብ ወደ ተበዳዩ መመለሱ ነው። የተሰረቀ ላም ከሌባው በረት ሲወጣ የሌባው ስጦታ ነው የሚል የለም።

ይህን ልዩነት ዓለማውያኑም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። የፐርዱ ባለቤቶች የሳክለር ቤተሰብ ለብዙ ዘመን ለቤተ መዘክርና ለዩኒቨርሲቲ በመለገስ የታወቁ ነበሩ። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ከአስዋን ግድብ ውሃ ተርፎ ከዓባይ ዳር ወደ አሜሪካ የተጓዘው የደንዱር ቤተ መቅደስ የቆመበት ክንፍ በስማቸው ይጠራ ነበር። ሐዘንተኞችና አርቲስቶች ለዓመታት ከጮኹ በኋላ የፓሪሱ ሉቭር በ2019፣ ሜትሮፖሊታንም በ2021 ስሙን ከግድግዳው አነሡ። ያ ስጦታ ክብር የሚገዛ ነበርና ተመለሰ፤ ቢያንስ ስሙ ተመለሰ። ለካውንቲው የሚከፈለው ግን ስም አይገዛም፤ በፍርድ የተቆረጠ ዕዳ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ላይ የሽማግሌውን ወገን ይዞ የሚከራከር ሰው የሚያነሣው ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ልናልፈው አይገባንም። ካሣ ያለ ንስሓ ምንድር ነው? ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያስገድደው፣ ጌታን በቤቱ ከተቀበለ በኋላ ነው። ይሁዳ እንኳ በድያለሁ ብሏል። እነዚህ ኩባንያዎች ግን ከስምምነቱ አብዛኛውን የፈረሙት ጥፋት መሥራታቸውን ሳያምኑ ነው። ይባስ ብሎ የሳክለር ቤተሰብ መጀመሪያ ያቀረቡት ውል፣ ገንዘብ ከፍለን ከእንግዲህ ማንም እንዳይከሰን የሚል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ያን ውል አፈረሰው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ ያልተስማሙትን ተበዳዮች መብት ያለ ፈቃዳቸው ሊሰርዝ አይችልም የሚል ነው። ከዚያም በኖቬምበር 2025 በጸደቀው አዲስ ውል 7.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል ሆነ፤ ያልተስማማ ሰው የመክሰስ መብቱ ተጠበቀለት። የንስሓ አባት ሆነው ያገለገሉ ካህናት ይህን ፍርድ ቢያነቡ የሚያውቁት ነገር ነው፤ የሌላውን ቂም ሌላ ሰው ይቅር ሊልለት አይችልም።

ስለዚህ በከፋዩ ነፍስ በኩል ሽማግሌው እውነት አላቸው። ይህ ገንዘብ ለኩባንያዎቹ ጽድቅ አይሆንላቸውም፤ እኛም ጽድቅ ነው ብለን ልንመሰክርላቸው አይገባም። ነገር ግን በቁስለኛው በኩል ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። በሉቃስ 10 በወንበዴዎች ተደብድቦ የወደቀውን ሰው ሳምራዊው ወደ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ ለጠባቂው ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ይኸውም የሁለት ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ወንበዴዎቹ ተይዘው ቢሆንና ዳኛ የማደሪያውን ኪራይ ክፈሉ ቢላቸው፣ የማደሪያው ጠባቂ ቁስለኛውን ከአልጋው አውርዶ «ገንዘባችሁ ርኩስ ነው» ሊል ይችል ነበርን?

ከአበው አንድ ምሳሌ እንጨምር። ታላቁ ባስልዮስ በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ከከተማው ውጭ ለድውያን፣ ለለምጻሞችና ለመንገደኞች ያቆመው የሕሙማን ሰፈር የታወቀ ነው። የአምስተኛው መቶ ዓመት የታሪክ ጸሐፊ ቴዎዶሬት (በሌላው ትምህርቱ ከእኛ ጋር ባንስማማም) እንደ ጻፈው፣ ለእነዚያ ድኾች መጠበቂያ መልካም መልካም ርስት የሰጠው ንጉሥ ዋሌንስ ነው። ዋሌንስ አርዮሳዊ፣ የኦርቶዶክሳውያን አሳዳጅ፣ ባስልዮስንም ራሱን በስደት ያስፈራራ ነበር። ባስልዮስ ርስቱን ለድውያኑ ተቀበለ፤ ሃይማኖቱን ግን አንዲት ፊደል አልለወጠለትም።

ገንዘቡን መቀበል የተገባ ነው ካልን ዘንድ፣ ወደ ራሳችን መባ ሣጥን ደግሞ መመልከት ይገባናል። ይህን መጻፍ አይጣፍጥም፤ ነገር ግን በአዳራሹ ሳይነሣ ቀረ። ከመካከላችን በዚህ ሀገር በመጠጥ መደብር የበለጸጉ አሉ፤ ልጆቻቸውን በዚያ አስተምረዋል፤ ቤተ ክርስቲያናችን በተሠራ ጊዜም ከማንም ቀድመው ሰጥተዋል። አንኮንናቸውም፤ ስደት የከፈተላቸው በር ያ ነበር፤ እኛም በየማኅበሩ ጠላና ጠጅ የምንጠጣ ነን። ስለ ጫትም ቢሆን ሀገራችን በየዓመቱ ከውጭ ንግዱ የምታገኘው በመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ እንግሊዝ በ2014 ስትከለክለው ያዘኑ ነጋዴዎች ወገኖቻችን ናቸው። የኩባንያውን ደም በሩቅ አይተን የተጸየፍን ሰዎች በገዛ መቀነታችን ያለውን ሳንቲም አገላብጠን አናውቅም። በማኅበረ ሰባችን ውስጥ ደግሞ ቤት የሚያፈርሰው በብዛት መጠጥ ነው፤ ስሙ ስለማይጠራ ቁጥሩ አይታወቅም።

የፈረንጆች ችግር ነው ለተባለው ብዙ ቃል አናባክንም። የዚያች እናት ልጅ ያደገው በዚሁ አዳራሽ ነው፤ በሆሳዕና ዘንባባ ይዞ የዘመረ፣ በትከሻው ላይ በደረሰ የሥራ አደጋ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ክኒኑን ከሐኪም የተቀበለ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ሦስት ዓመት «ሥራ በዝቶበት ነው» እያሉ ሸሸጉት። ማገገሚያ ቤት ሊያስገቡት ፈልገው አንዱ ቤት አልጋ የለንም አላቸው፤ ሌላው የጠየቀው ዋጋ የማይደፈር ሆነባቸው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ለማኅበሩ አልተነገረም፤ ቢነገርም ምን እንደምናደርግ እርግጠኞች አይደለንም። በሞተ ጊዜ ግን እድሩ እንደ ልማዱ በሌሊት ተንቀሳቀሰ። እናቲቱ የተናገሩት ስለዚህ ነው።

ስለ ቤቱ አሠራር ጥቂት እንበል፤ ደብዳቤውን ለመፈረም የሚያመነታ ሰው ማወቅ የሚገባው ነገር አለና። ዐሥራ ስድስት አልጋ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1965 የወጣው የሜዲኬይድ ሕግ ለአእምሮ ሕሙማን በተለዩ ተቋማት ውስጥ ለሚኖሩ ጎልማሶች የፌዴራል ገንዘብ እንዳይከፈል ከለከለ፤ የሱስ ማገገሚያ ቤቶችም በዚህ ተጠቃለሉ። በኋላ እስከ 16 አልጋ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ከክልከላው ውጭ ሆኑ። ከ2015 ወዲህ ለብዙ ስቴቶች በልዩ ፈቃድ ወሰኑ ቢላላላቸውም፣ ትንሽ ቤት መሥራት እስከ ዛሬ የተለመደ ሆኖ ቀርቷል። ሕንፃውን ካሣው ያቆመዋል፤ ሌሊት የሚያድረውን ጠባቂ፣ የምክር አገልጋዩን፣ ምግቡንና መብራቱን ግን በየወሩ የሚከፍል ያስፈልጋል። ካሣው ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚከፈለው ተከፍሎ ያልቃል።

ሌላው በእኛ ዘንድ የሚያከራክረው መድኃኒት ነው። በዚህ ቤት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉት ለሱሱ ሕክምና የሚሰጡ መድኃኒቶች እንደሚፈቀዱ ሲነገር፣ «አንዱን ሱስ በሌላ መለወጥ ነው» ያሉ ነበሩ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሰው ለወራት ከዕፁ ተለይቶ ሲቆይ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መቻል ይረሳል፤ ወጥቶ አንድ ቀን ቢሰናከል ትናንት የለመደው መጠን ዛሬ ይገድለዋል። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች በሞት የመቀጨታቸው ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ሀገር ታይቷል። በጠበል የሚያምን ሰው ለዚህ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ የነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ጥለው ሲሞቱ፣ አቡነ ጳውሎስ በ2007 (የእኛ የዚያን ዘመን የሲኖዶስ ክርክር ሌላ ነገር ሆኖ) ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ አይጣሉም ብለው አስተምረዋል። ሲራክም ሐኪምን አክብር ያለው እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ ደብዳቤው መፈረም ይገባዋል፤ ሦስት ነገር ግን እንዲጻፍበት ጠይቀናል። በቤቱ ደጅ ላይ የማንም ከፋይ ኩባንያ ስም እንዳይቀረጽ፤ ምግቡ ለጿሚ ሰው የሚስማማ እንዲኖርበት፤ አማርኛና ትግርኛ የሚሰማ አንድ የምክር አገልጋይ እንዲመደብ። የመጀመሪያውን ሽማግሌው ራሳቸው ሰምተው «እርሱስ ይሁን» ብለዋል፤ ስለ ቀረው ግን ዛሬም አሳባቸውን አልለወጡም፤ እኛም ኅሊናቸውን እናከብራለን። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ከከፈለ በኋላ ለጠባቂው ከዚህ የበለጠ ብታወጣ በመመለሻዬ እከፍልሃለሁ ማለቱን ግን አስታውሰናቸዋል። ወንበዴው የሚከፍለው ሁለቱን ዲናር ነው። የበለጠው የመንገደኛው ነው።

ጉዳዩ በጰራቅሊጦስ ማግስት ዳግመኛ ቀርቦ በብዙ ድምፅ አለፈ። መዋጮው በየወሩ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ዐሥር ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። ገንዘብ ያዣችን በሒሳብ መዝገቡ ላይ በየትኛው ርእስ ሥር እንደሚጽፉት ጠይቀው ነበር፤ ለሕንፃ፣ ለነዳያንና ለቀብር እንጂ ለዚህ የተሰመረ ዐምድ አልነበረምና። ለጊዜው ከቀብር ወጪ በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ በእርሳስ ጽፈውታል። በመጀመሪያው ወር መዋጮውን ከከፈሉት መካከል ሁለት የመጠጥ መደብር ባለቤቶች ይገኛሉ፤ ከተወሰነውም በላይ ሰጥተው ስማቸው እንዳይነበብ ለምነዋል።